ሁለቱ የጨው ጣሳዎች

በሦስተኛው ፎቅ፣ አርባ ሁለት ቁጥር ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሴቶች በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባዕድ ይሆናሉ። አንድ ቤት አድረው፣ አንድ መስታወት ፊት ተጋፍተው ጸጉራቸውን አበጥረው፣ በአንድ አውቶቡስ መጥተው፣ ከመሥሪያ ቤቱ በር መቶ እርምጃ ሲቀራቸው ትልቋ ጫማዋን ልታስር ጎንበስ ትላለች፤ ትንሿ ቀጥ ብላ ትገባለች። የትልቋ ጫማ ማሰሪያ የለውም። ይህን እስከ ዛሬ ያስተዋለ ዘበኛ የለም።

ክፍሉ ውስጥ ሲገናኙ እንዲህ ይባባላሉ።

«እንደምን አደሩ፣ ዶክተር?»

«ደህና። እርስዎስ እንዴት አደሩ፣ እትዬ?»

እንዴት እንዳደሩ ሁለቱም አሳምረው ያውቃሉ። ትልቋ ታንኮራፋለች፣ ትንሿ ብርድ ልብስ ትነጥቃለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ትልቋ የትንሿ አክስት ናት፣ የእናቷ ታላቅ እህት። ልጅቷ በአራት ዓመቷ እናቷን ስታጣ አክስት በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው እጇ ልጅቷን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። አበላቻት፣ አስተማረቻት፣ ሲያስፈልግም ቆነጠጠቻት። አክስት እዚህ መሥሪያ ቤት የላብራቶሪ ቴክኒሻን ሆና ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ልጅቷ ተምራ ተምራ ዶክተር ሆና ስትመጣ፣ ዕድል ሥራ ፈት ናትና፣ እዚያው ክፍል የአክስቷ አለቃ ተደርጋ ተመደበች። የቅጥር ቅጹ ላይ «በዚህ ተቋም የሚሠራ የሥጋ ዘመድ አለዎት?» የሚል ጥያቄ አለ። ተቀጣሪው አለኝ ካለ፣ ወይ እሱ ወይ ዘመዱ ከክፍሉ ይነሳል።

«የለም ብለሽ ጻፊ» አለች አክስት ሽንኩርት እየላጠች።

«ውሸት ነዋ፣ እቴቴ!»

«ውሸት አይደለም፣ አጭር መልስ ነው። ጻፊ አልኩሽ።»

ጻፈች። የአባታቸው ስም አይገጥም። መልካቸውም አይገጥም፤ አክስት አጭርና ደልዳላ፣ ልጅቷ ቀጭንና እንደ ሸንበቆ የተመዘዘች። ማን ይጠረጥራል?

የክፍሉ ሥራ ከረጢት መሥራት ነው። ገበያ የሚወጣበት ከረጢት አይደለም፤ አምስት መቶው ጎን ለጎን ቢሰለፍ የአንድ ጸጉር ውፍረት የማይሞላ ነው። የሰው ሰውነት የተሠራበት ሕዋስ ሁሉ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ነው፤ ዶክተሯ ያንን ሽፋን የሚመስል ነገር በሰው እጅ መሥራት ይቻላል ብላ ተነሳች። የምትሠራበት ቅንጣት ጉደኛ ነው። ራሱ ውሃ ይወዳል፣ ጅራቱ ውሃ ይጠላል። በአልኮል ሟሙቶ በመርፌ ወደ ውሃ ሲገፋ ጅራቶቹ ከውሃው ለማምለጥ እርስ በርስ ይሸሸጋሉ፣ ራሶቹ ወደ ውሃው ይዞራሉ፣ ዓይን ሳይርገበገብ ክብ ከረጢት ሆነው ቁጭ ይላሉ። የሚያዛቸው የለም፣ የሚሰፋቸው የለም። አክስት መጀመሪያ ይህ ሲነገራት «በዚህ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሳይደርሳቸው የሚሰበሰቡት እነዚህ ብቻ ናቸው» ብላለች።

ዋናው ነገር ግን ስኳሩ ነው። በእያንዳንዱ ቅንጣት ራስ ላይ ስኳር ተሰክቷል፤ ስለዚህ ከረጢቱ ስኳር ለብሶ ነው የሚወጣው። እውነተኛው ሕዋስም እንዲሁ ነው፤ ስኳሩን ለብሶ ይዞራል፣ ያገኘውም ሁሉ ያንን ስኳር ዳብሶ «የኛ ነህ» ወይም «የኛ አይደለህም» ይለዋል። ከረጢቱ የለበሰው ስኳር በትክክል መታወቁን ለመፈተን ዶክተሯ ከአንድ ዓይነት ባቄላ የሚወጣ ፕሮቲን ትጨምራለች። ይህ ፕሮቲን አራት እጅ አለው ማለት ይቻላል። በአንዱ እጁ የአንዱን ከረጢት ስኳር፣ በሌላው የሌላውን ጨብጦ ያቆላልፋቸዋል፤ ጥርት ያለው ውሃ እንደ ሩዝ እጣቢ ይደፈርሳል። ደፈረሰ ማለት ተዋወቁ ማለት ነው። ካልደፈረሰ ማንም ማንንም አላወቀም።

መጀመሪያ አራት ጊዜ ደፈረሰ። ዶክተሯ አራት ጊዜ ዘለለች። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደፈረሰም።

በዚህ ላይ የጎረቤቱ ክፍል ለዲፕ ፍሪዘሮቹ ቦታ ጠቦታል። ቦታ ይሰጠኝ ብሎ አመልክቷል፤ የተመኘውም አርባ ሁለት ቁጥርን ነው። ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴ መጥቶ ቱቦውን በዓይኑ ሊያይ ተወሰነ። ከደፈረሰ ክፍሉ የዶክተሯ ነው፣ ካልደፈረሰ የፍሪዘሮቹ ነው፤ ዶክተሯም የአራት ዓመት ልፋቷን በካርቶን ሰብስባ ትወጣለች። በሰው መሸነፍ አለ፣ ያባት ነው። በፍሪዘር መሸነፍ ግን ለጎረቤት እንኳ አይወራም።

አሁን ስለ ጣሳዎቹ።

ልጅቷ ቁርስ አትበላም። ከድሮም አትበላም። ተማሪ ሳለች ሁለት ጊዜ ሰልፍ ላይ ወድቃለች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የዳይሬክተሩ ጫማ ላይ። አክስት ብሉልኝ ጠጡልኝ ስትል «እኔ ሕፃን አይደለሁም» ትላለች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ስለሆነ እውነቷን ነው። አክስት ግን ሕፃን አለመሆንና አለመውደቅ ለየቅል መሆናቸውን ታውቃለች። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት ግሉኮስ ገዛች፤ ያ ለደካማ ሰው በውሃ የሚበጠበጠው ነጭ ዱቄት። ቤታቸው አንድ ክፍልና ጓዳ ስለሆነ እንኳን ጣሳ ሐሳብም አይደበቅበትም። ላብራቶሪ ደግሞ የሚበላና የሚጠጣ ነገር ማስቀመጥ ክልክል ነው። ክልከላውን የሚያስከብረው የደህንነት ኃላፊው ነው፤ ቁም ሳጥን እየከፈተ ስለሚያሸት ሁሉም ከኋላው «አፍንጫው» ይለዋል። አንድ ጊዜ በሰው ኪስ ውስጥ ያለ ማስቲካ ከኮሪደሩ ማዶ አሽትቶ ደብዳቤ ጽፎበታል።

አክስት አሰበችበት። ጨው የሚያሸት ሰው የለም። ግሉኮሱን ባዶ የጨው ጣሳ ውስጥ ገለበጠችውና ከእውነተኛው ጨው ጎን ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ሁለቱም ጣሳ ነጭ፣ ሁለቱም ላይ «ጨው» የሚል ወረቀት። የቀኙ ጨው፣ የግራው ግሉኮስ። ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ የምታምነው ቦታን ነው እንጂ ጽሑፍን አይደለም። «ወረቀት ይለቃል፣ ቦታ አይለቅም» ትላለች።

በየጠዋቱ ከግራው ጣሳ ሁለት የሻይ ማንኪያ ሊትር ሙሉ የሎሚ ውሃ ውስጥ በጥብጣ ዶክተሯ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ታኖራለች። በየሰኞው ከቀኙ ጣሳ መዝና ባፈር ታዘጋጃለች። ባፈር የሚሉት በልኩ ጨው የገባበት የተጣራ ውሃ ነው፤ ከረጢቶቹ የሚሠሩትም የሚኖሩትም በእሱ ውስጥ ነው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ዕለት አፍንጫው የጽዳት ዘመቻ አወጀ። ዘማቹ እሱ ብቻ ነበር። የአርባ ሁለት ቁጥርን መደርደሪያ አራገፈ፣ ወለወለ፣ ዕቃውን በቁመት አሰልፎ መለሰ። የሁለቱ ጣሳዎች ቁመት እኩል ነው። ሰኞ አክስት ስትገባ ጣሳዎቿ እንደ ወትሮው ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አቧራ እንኳ የላቸውም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አበጁልኝ» አለችው።

«ሥራዬ ነው» አለ አፍንጫው፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። በዚያ ዓመት ሰው ያመሰገነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ማታ ራት ላይ ልጅቷ አራተኛ ብርጭቆ ውሃ ቀዳች።

«አንቺ፣ ሆድሽ ጉድጓድ ነው እንዴ?» አለች አክስት።

«ጠማኝ።»

«ያን ሁሉ የሎሚ ውሃ ስትጠጪ ውለሽ?»

ልጅቷ አክስቷን ትክ ብላ አየቻት፤ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ዳቦ ጎረሰችበት።

«እግርሽስ? አብጧል እኮ! እስቲ ጫማሽን አውልቂ።»

«ቆሜ ስለምውል ነው፣ እቴቴ። ተይኝ።»

«እኔም ቆሜ ነው የምውለው። የኔ ያላበጠው ባለጌ ሆኖ ነው?»

ልጅቷ አልሳቀችም። ሹካዋን አስቀመጠችና «ባዶ ካርቶን የት ነው የሚገኘው?» አለች።

«ለምን?»

«ለሐሙስ።»

አክስት ሳህን ታነሳ ጀመር። ገና ያላለቀ ሳህን ነበር ያነሳችው።

ረቡዕ ጠዋት ዶክተሯ የመጨረሻውን ሙከራ አደረገች። አክስት ከረጢቶቹን ሠራች። በመርፌ የመግፋቱ ሥራ የእሷ ነው፤ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ትንፋሿን ይዛ በአንድ ፍጥነት ትገፋለች፣ ከረጢቶቹም በመለኪያው ሲታዩ ሁሌም እኩል እኩል ናቸው። በዚያ ሦስት ሳምንትም እኩል ነበሩ። ዶክተሯ ፕሮቲኑን ጨመረች። ሁለቱም ቱቦውን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዙት። በቱቦው ውስጥ ማዶ ያለው ሕንፃ፣ የተሰጣው አንሶላ፣ አንሶላው ላይ ያለው የልብስ መቆንጠጫ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንዲህ ያለ የጠራ ውሃ ለመጠጥ ቢሆን ያስመሰግን ነበር።

«ይበቃል» አለች ዶክተሯ። «ሪፖርቱን ላትም ልውረድ፣ እትዬ።»

«ይውረዱ፣ ዶክተር።»

በሩ ሲዘጋ አክስት ቢሮዋ ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጉሮሮዋ ደርቋል። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ የደረሰ የሎሚ ውሃ አለ። አነሳችና ጎንጨት አደረገች።

አልዋጠችውም፣ አልተፋችውምም። ለጊዜው አፏ ውስጥ ያዘችው። እንደ እንባ ነው፣ ሎሚ የነካው እንባ።

ዋጠችው። ተነስታ መደርደሪያው ጋ ሄደች፣ የግራውን ጣሳ ከፈተች፣ ጣቷን ልሳ ነክራ ቀመሰች። ጨው። የቀኙን ከፈተች። ጣፋጭ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ነገር ቀምሳ አታውቅም ነበር፤ በአንድ ቀን ሦስት ቀመሰች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ ሌላ ሴትዮ የሚወራ ይመስላት ነበር።

ወንበር ሳትፈልግ ቆማ አሰበች። ከረጢቶቹ ሦስት ሳምንት በስኳር ውሃ ውስጥ ሲዋኙ ከርመዋል። ፕሮቲኑ ገና ሲገባ አራቱም እጁ በተበተነው ስኳር ይሞላል። በር ላይ የጠገበ እንግዳ ማዕድ ድረስ ምን ያስገባዋል? የከረጢቶቹን ስኳር ዞር ብሎም አያየው። ከረጢቶቹ ደህና ናቸው፣ ፕሮቲኑ ደህና ነው፣ ዶክተሯ ደህና ናት። ያላማረባት አክስት ናት።

አምስቱን ሊትር ባፈር ገንዳ ውስጥ ደፋችው። በትክክለኛው ጨው አዲስ አዘጋጀች፤ ሚዛኑ ላይ ሁለት ጊዜ መዘነች፣ በሦስተኛው ራሷን ተቆጣች። ጣሳዎቹን ወደየቦታቸው መለሰች።

ለልጅቷ ልንገራት አልንገራት ስትል ቆየች። ብትነግራት፣ ይህች ልጅ መዋሸት አታውቅም። አንድ ቃል ስትደብቅ ፊቷ እንደ ወተት ይገነፍላል፤ በሕይወቷ የዋሸችው አንድ ጊዜ ነው፣ እሱንም በጽሑፍ፣ እሱንም ታዝዛ። ኮሚቴው «ስኳር ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል፣ «ለማን?» ይላል፣ ነገርን ነገር እየሳበው ቅጹ ጋ ይደርሳል። ዝም አይነቅዝም። ነገ ይደፈርስና ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«አዲስ ባፈር አዘጋጅቻለሁ፣ ዶክተር» አለች ልጅቷ ስትመለስ።

«ምን ለውጥ ያመጣል ብለው ነው?» አለች ዶክተሯ፣ ሪፖርቱን ከእጇ ሳታስቀምጥ ቁጭ እያለች።

ሐሙስ ኮሚቴው በሰዓቱ መጣ። ሰብሳቢዋ ነጭ ሹራብ የደረቡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴትዮ ናቸው። በግራና በቀኛቸው የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ሥራቸው ራሳቸውን መነቅነቅ ነው። አፍንጫውም አለ፤ ስብሰባ ያለበት ቦታ ሁሉ ይገኛል፣ የሚበላ ነገር ካለ እንዳይቀርብ።

አክስት መርፌውን ይዛ ጠብታዋን ገፋች። ዶክተሯ ፕሮቲኑን ጨመረችና ቱቦውን ብርሃን ላይ ያዘችው። እሷ ራሷ አላየችውም፤ ጣሪያውን ነበር የምታየው።

«ደፈረሰ» አሉ ሰብሳቢዋ።

ዶክተሯ ቱቦውን አየችው። ማዶ ያለው ሕንፃ ጠፍቷል። ቱቦው ነጭ ሆኗል። ደግማ ሠራች፣ ደፈረሰ። ሦስተኛ ሠራች፣ ደፈረሰ። ነቅናቂዎቹ ነቀነቁ። አክስት ሃያ ዓመት እንዳልተነፈሰ ሰው ተነፈሰች።

ሰብሳቢዋ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ሪፖርቱን ገለጡ።

«ሦስት ሳምንት በየቀኑ አልሠራም ይላል። ዛሬ ሦስት ጊዜ ሠራ። ምን ተለወጠ፣ ዶክተር?»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ስለ አየሩ ሙቀት የሆነ ነገር ይቀባጥር ነበር። ልጅቷ ግን ፊቷ ቀላና «አላውቅም» አለች።

«አያውቁም?»

«አላውቅም። ለሦስት ሳምንት ለምን እንዳልሠራም አላውቅም።»

«ይኼ ጥሩ አይደለም» አሉ ሰብሳቢዋ፣ ሳይቆጡ። «ለምን እንደሠራ ያልታወቀ ነገር ነገ ላይሠራ ይችላል። በአጋጣሚ ክፍል አንሰጥም። ፍሪዘሩ ቢያንስ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ይታወቃል።» ብዕራቸውን አነሱ።

አክስት ብዕሩን አየችው። ብዕሩ ወረቀቱን ነካ።

«ጨው ነው» አለች።

ሁሉም ዞሩ። ቴክኒሻን በኮሚቴ ፊት አይናገርም ነበር፤ ሕግ ባይሆንም ልማድ ነው።

«ምን አሉ፣ እትዬ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ጨው መስሎኝ ያስገባሁት ግሉኮስ ነው። ሦስት ሳምንት። የፕሮቲኑን እጅ የሞላው እሱ ነው። ትናንት አወቅሁ፣ ቀየርኩት። ዶክተሯ የምታውቀው ነገር የለም።»

አፍንጫው ከወንበሩ ተነሳ። «ግሉኮስ? የሚጠጣ? እዚህ?»

«የሚጠጣ።»

«የት?»

«የጨው ጣሳ ውስጥ።»

«እኔ ያንን ጣሳ በእጄ ወልውዬዋለሁ!» አለ፤ ድምፁ የተከዳ ሰው ድምፅ ሆነ። «ምንም አይሸትም ነበር!»

«አይሸትም» አለች አክስት። «ለዚያ ነው እዚያ ያስገባሁት።»

ሰብሳቢዋ እጃቸውን አንስተው አስቀመጡት። «ለማን ነው ግሉኮሱ?»

«ለዶክተሯ። በሎሚ ውሃ።»

«ለምን?»

«ቁርስ አትበላም።»

«ቁርስ አለመብላቷን በምን አወቁ?»

አክስት መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መለኪያው ማሽን ብቻውን ይንጫጫል።

«እኔ ቤት ነው የምትኖረው» አለች በመጨረሻ።

ዶክተሯ «እትዬ…» አለች፤ አክስት በእጇ ዝም አሰኘቻት። እንዲህ አድርጋ ዝም የምታሰኛት ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ነው፣ አሁንም ሠራ።

ሰብሳቢዋ ለትንሽ ጊዜ ሁለቱን ተራ በተራ ተመለከቱ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ የማምለጫ በር ገርበብ አድርገው ከፈቱላቸው።

«ተከራይ ናት ማለት ነው?»

ነቅናቂዎቹ ከመልሱ በፊት ነቀነቁ። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረው፤ አጭር መልስ ነው። አክስት ልጅቷን አየቻት። ልጅቷ አጉል አድርጋ ጥርሷን ነክሳለች፣ ፊቷ ከአሁን አሁን ይገነፍላል። አክስት አዎ ብትል ይህች ልጅ ከኋላዋ አፏን ትከፍታለች፤ ያኔ ውሸታሟ ማን እንደሆነች ማን ይለያል?

«ተከራይ ብትሆን ኖሮ ቁርሷን ትበላ ነበር» አለች አክስት። «የእህቴ ልጅ ናት፣ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ቅጹ ላይ የለም ብላ እንድትጽፍ ያዘዝኳትም እኔ ነኝ። አልጽፍም ብላ ነበር።»

ማሽኑ መንጫጫቱን አቆመ፤ ሲቆም ደግሞ ባሰ።

በዚህ መሐል ልጅቷ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ፣ ሒሳብ እንደምትሠራ ሁሉ፣ «ቆይ» አለች። «ግሉኮሱ ባፈር ውስጥ ከነበረ፣ ያ ሁሉ ጊዜ እኔ ስጠጣ የነበረው…»

«ጨው ነው» አለች አክስት።

«ሦስት ሳምንት ጨው ነው ያጠጣሽኝ፣ እቴቴ?»

«አንቺስ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ጨው ስትጠጪ አፍ የለሽም? ጨው ነው ማለት ያስቆጣል እንዴ?»

«አንቺ አይደለሽ የቀረበ አይነቀፍም እያልሽ ያሳደግሽኝ! ምስሩን ነቀፍኩ ብለሽ ጓዳ አላቆምሽኝም? አረጀች፣ ምላሷ ጨውና ስኳር መለየት ተሳናት ብዬ፣ እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው እየጨረስኩ የምመልስልሽ!»

«አረጀች?»

«እግሬ እስኪያብጥ ጠጥቼልሻለሁ!»

«ማነው ያረጀው?»

«እርስ በርስ በኋላ ትወቃቀሳላችሁ» አሉ ሰብሳቢዋ። አንዱ ነቅናቂ ሳቁን ወደ ሳል ሲለውጥ አነቀው። «እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ስኳሩ ነው የከለከለው የሚሉት ግምት ነው ወይስ ማሳየት ይቻላል?»

አክስት ወደ ዶክተሯ አየች። ዶክተሯ የደፈረሰውን ቱቦ አየች፣ ከዚያ ሁለቱን ጣሳዎች አየች። ዓይኗ በራ።

«የያዘውን መልቀቅ አለበት» አለች። «ስኳር ብንበትንበት እጁን ይፈታል። መጥራት አለበት።»

«እንይዋ።»

አክስት ግሉኮሱን መዘነች፣ በጥቂት ባፈር አሟሟችው፣ በመርፌ ቀዳችው። ክርኗን ጠረጴዛ ላይ ተክላ ትንፋሿን ያዘች። ወደ ነጩ ቱቦ ጠብ፣ ጠብ አደረገችና ወዘወዘችው።

መጀመሪያ ምንም የለም። አፍንጫው ሰዓቱን አየ። ከዚያ ከቱቦው አፍ አካባቢ ነጩ መሳሳት ጀመረ። ቀስ በቀስ ማዶ ያለው ሕንፃ ጥላ ሆኖ መጣ፣ ከዚያ መስኮቶቹ፣ ከዚያ አንሶላው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛው አምስት ደቂቃ ነው የፈጀው።

ሰብሳቢዋ ቱቦውን ተቀብለው ለብዙ ጊዜ አዩት።

«ሦስት ሳምንቱን በየቀኑ መዝግባችኋል?»

«በየቀኑ» አለች ዶክተሯ። «አሥራ ስምንት ሙከራ።»

«እንግዲያው ያልሠራ ሙከራ አይደለም። ስኳር ሲበተን እንደማይያያዙ፣ ሳይበተን እንደሚያያዙ የሚያሳይ ማነጻጸሪያ ነው። የሚተዋወቁት በስኳሩ መሆኑን ከዚህ በላይ ማን ያሳያል? ሌላው ሰው ይህን ሆን ብሎ ይሠራዋል፤ እናንተ በቤተሰብ ሠራችሁት።» ብዕራቸውን አንስተው ጻፉ። «ክፍሉ የዶክተሯ ነው።»

ነቅናቂዎቹ ነቀነቁ። ልጅቷ ወንበር ፈለገች። አክስት ወንበር ሰጠቻት።

«ቅጹስ?» አለ አፍንጫው።

«ቅጹም አለ» አሉ ሰብሳቢዋ። ደስ ብሏቸው አልነበረም። «ለዶክተሯ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርሳታል። ከሁለታችሁ አንዷ ደግሞ ከክፍሉ ትነሳለች። ማን እንደሚነሳ…»

«እኔ» አለች አክስት፣ ልጅቷ አፏን ሳትከፍት። «የት ነው የሚፈረመው?»

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ከአውቶቡስ ወርደው ጎን ለጎን በሩን አልፈው ገቡ። ዘበኛው ቀና ብሎ አያቸውና ጋዜጣውን ቀጠለ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ዶክተሯ ወደ ላይ ወጣች፣ አክስት ምድር ቤት ቀረች። የተመደበችው የብርጭቆ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ በአንዲት መስኮት ለየክፍሉ ቱቦና ብልቃጥ እያስፈረሙ ማደል። ጥሩ ቦታ ነው፣ ይሞቃል። መቀመጫም አለው። አክስት እስከ አራት ሰዓት ድረስ አልተቀመጠችበትም።

አራት ሰዓት ላይ ዶክተሯ ጋዎኗን እንደለበሰች እየተንደረደረች ወረደች። ቱቦ ይዛለች። ውስጡ ያለው ነገር ጥርት ያለ አይደለም፣ የደፈረሰም አይደለም፤ እንደ ተበላሸ ወተት ጓል ጓል ሆኗል።

«ራሴ ገፋሁት» አለች። «ሦስተኛዬ ነው። ሦስቱም እንዲህ ናቸው። ነይና አሳይኝ፣ እቴቴ።»

«መውጣት አይፈቀድልኝም። ፈርሜያለሁ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

አክስት አሰበች። እሷ ወደ ላይ እንዳትወጣ ተጽፏል። ዶክተሯ ወደ ታች እንዳትወርድ የጻፈ የለም። ከመደርደሪያው አዲስ መርፌና ብልቃጥ አወረደች፣ ከቧንቧ ውሃ ሞላች፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። የወሰደችውን ደግሞ በመዝገቡ ላይ አስፈረመቻት፤ ሥራ ሥራ ነው።

«ግፊ። በውሃ ተለማመጂ።»

ልጅቷ ገፋች። ውሃው ተፈናጠረ።

«ቀስ! ምን ያዋክብሻል?»

ቀስ አለች። ጠብታው መርፌው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ምነው ሞተ እንዴ? ግፊ እንጂ! ትንፋሽሽን ያዢ። ክርንሽን ትከዪ። ከጀመርሽ አታቁሚ፣ ካቆምሽ አትጀምሪ።»

ከኋላዋ ከየክፍሉ ብልቃጥ ሊወስድ የመጣ ሰው ተሰልፏል፣ ስድስት ሰባት ይሆናል። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ እኛ እንቸኩላለን።»

«እሷም ትቸኩላለች፤ ችግሯም እሱ ነው» አለች አክስት፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ። «በይ፣ ድገሚ።»